ባርባሮ፦ ስብራቱ ድኖለት በጤነኛው እግሩ የሞተው ፈረስ

ፈረስ የሚያረባም ሆነ የሚጋልብ ሰው ደጋግሞ ከሚያነሣቸው ጥያቄዎች አንዱ «ሰው እግሩ ተሰብሮ በጥቂት ወራት ድኖ ሲሄድ፣ ፈረስ እግሩ ሲሰበር ለምን ይገደላል?» የሚለው ነው። በብዛት የሚሰጠው መልስ «የፈረስ አጥንት አይገጥምም» የሚል ሲሆን፣ ይህ ግን ትክክል አይደለም፤ የፈረስ አጥንት ይገጥማል። እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ በውድድር ላይ የተጎዳው ባርባሮ የተባለ ፈረስ ታሪክ ይህን በግልጽ ያሳያል። ጉዳዩን ለጥናት ተመራጭ ያደረገው ገንዘብም፣ ሙያም፣ መሣሪያም ሳይጎድል የሚቻለው ሁሉ የተሞከረበት መሆኑና የሕክምናው ሂደት ከስምንት ወራት በላይ ለሕዝብ በየጊዜው ሲገለጽ መቆየቱ ነው። እንስሳው ሲሞት «ገንዘብ ቢኖር ኖሮ» ወይም «ሐኪሙ ቢያውቅበት ኖሮ» የሚል ጥርጣሬ የማይነሣበት አጋጣሚ እምብዛም አይገኝም።

ባርባሮ ሶሮብሬድ በተባለው የእሽቅድምድም ፈረስ ዘር የተወለደ፣ ዳማ፣ ያልተኮላሸ ወንድ ፈረስ ነበር። የተወለደው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 29 ቀን 2003 በኬንታኪ ግዛት ሲሆን፣ አባቱ ዳይናፎርመር፣ እናቱ ላ ቪል ሩዥ የተባለች ባዝራ ነበረች። ባለቤቶቹ ሮይና ግሬቸን ጃክሰን፣ አሠልጣኙ ደግሞ በ1996 የአትላንታ ኦሊምፒክ በፈረስ ዝላይ የብር ሜዳሊያ ያገኙት ማይክል ማትዝ ነበሩ። ሜይ 6 ቀን 2006 በኬንታኪ ደርቢ ሌሎቹን በስድስት ተኩል የፈረስ ርዝመት ጥሎ ሲያሸንፍ እስከዚያ ዕለት በተወዳደረበት ሁሉ አልተሸነፈም ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ሜይ 20 ቀን (ግንቦት 12 ቀን 1998 ዓ.ም.)፣ በባልቲሞር ከተማ በሚገኘው የፒምሊኮ ሜዳ ለፕሪክነስ ውድድር ቀረበ።

ገና ውድድሩ ሳይጀመር ባርባሮ የመነሻውን በር ገፍቶ ወጣ፤ ተይዞ ተመለሰ፣ ተመርምሮም ጤነኛ ነው ተብሎ እንደገና ወደ በሩ ገባ። በሩ በተከፈተ በጥቂት ሰኮንዶች ውስጥ የቀኝ የኋላ እግሩ ከዳው። ፔሩ የተወለዱት ጋላቢ ኤድጋር ፕራዶ ወዲያው ዛቡን ስበው አቆሙትና ከኮርቻው ዘለው ወረዱ፤ ፈረሱ የተሰበረውን እግር መሬት ላይ እያወናጨፈ እንዳይረግጥበትም ይዘው አረጋጉት። ይህን አንባቢ ቸል እንዳይለው እፈልጋለሁ። ጋላቢው ትንሽ ዘግይተው ቢሆን ኖሮ የተሰባበረው አጥንት ቆዳውን ቀድዶ ሊወጣ ይችል ነበር፤ አጥንቱ ቆዳ ቀድዶ የወጣ የፈረስ እግር ደግሞ በአፈርና በፋንድያ ስለሚበከል የመዳን ዕድሉ ወዲያው ያሽቆለቁላል። የባርባሮ ቆዳ ግን አልተቀደደም። በሜዳው ላይ እግሩ በመደገፊያ ታሰረለት፣ ራጅ ተነሣ፣ ያንኑ ምሽትም በፔንሲልቬኒያ ግዛት ኬኔት ስኩዌር ወደሚገኘው፣ የፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ወደሚያስተዳድረው የኒው ቦልተን የእንስሳት ሕክምና ማዕከል ተወሰደ።

ራጁ ያሳየው አንድ ስብራት ብቻ አልነበረም። ከቋንጃው በታች ያለው ረጅም አጥንት ታችኛው ጫፉ ላይ ተሰንጥቋል፤ በዚያ ጫፍ ካለው መታጠፊያ በስተጀርባ የሚገኘው ሴሳሞይድ የተባለው ትንሽ አጥንት ተሰብሯል፤ ከመታጠፊያው ወደ ሰኮናው የሚወርደው አጭር አጥንት ደግሞ ከ20 በላይ ስብርባሪ ሆኗል፤ መታጠፊያውም ከቦታው ወልቋል። ከእነዚህ አንዱ ብቻ ቢሆን ኖሮ በወቅቱ በተለመደ ቀዶ ሕክምና ይታከም ነበር፤ በአንድ እግር ላይ ተደራርበው መምጣታቸው ነው ጉዳዩን ያከበደው። በዚያ ላይ የፈረስ እግር ከቋንጃ በታች ጡንቻ የለውም፤ ያለው አጥንት፣ ጅማትና ቆዳ ነው። ወደ ስብራቱ የሚደርሰው ደም ትንሽ ነው፣ አጥንቱን ዙሪያውን ደግፎ የሚይዝ ሥጋም የለም።

ቀዶ ሕክምናው በማግሥቱ እሑድ ተደረገ። ማደሩ ቸልተኝነት አልነበረም፤ ሩጫ ላይ የነበረ፣ ያላበውና የደነገጠ ፈረስ ወዲያው ማደንዘዣ ቢሰጠው አደጋው ይበዛበታል። የማዕከሉ የቀዶ ሕክምና ኃላፊ ዲን ሪቻርድሰን ከአምስት ሰዓት በላይ በወሰደ ሥራ ስብርባሪውን ሰብስበው በብረት ፕሌትና በ27 ብሎኖች አሠሩት። ዓላማቸው መታጠፊያው እንደ ቀድሞው እንዲታጠፍ ማድረግ ሳይሆን፣ አጥንቶቹ እርስ በርስ ተጣብቀው አንድ ወጥ ምሰሶ እንዲሆኑ ማድረግ ነበር። እንዲህ ያለ እግር ለውድድር አያገለግልም፤ ለመቆም፣ በሜዳ ለመሄድና ለማዳቀል ግን ያገለግላል። ሪቻርድሰን ከቀዶ ሕክምናው በኋላም ቢሆን የመትረፍ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ መሆኑን ሳይሸፋፍኑ ተናገሩ።

ከማደንዘዣ መንቃት ለፈረስ ከቀዶ ሕክምናው የማይተናነስ ፈተና ነው። ፈረስ በተፈጥሮው አደጋ ሲሰማው የሚሮጥ እንስሳ በመሆኑ፣ ግራ ተጋብቶ ሲነቃ የመጀመሪያ ሥራው ተነሥቶ መሸሽ ነው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 6 ቀን 1975 በኒው ዮርክ ቤልሞንት ፓርክ የፊት እግሯን የሰበረችው ሩፊያን የተባለች ዝነኛ ፈረስ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ነበር፤ ስትነቃ ግን ተኝታ እየሮጠች ያለች ይመስል እየተወራጨች ጄሶውንም የተሠራላትንም ጥገና ሁሉ ሰባበረችው፣ እንድትገደልም ተወሰነ። በኒው ቦልተን ለዚህ የተገኘው መፍትሔ ገንዳ ነው። ፈረሱ ገና በማደንዘዣ ላይ ሳለ በክሬን ተነሥቶ አራቱን እግሮቹን የሚያስገባ ከረጢት ባለው ትልቅ የላስቲክ ጀልባ ላይ ይደረጋል፣ ጀልባውም ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ይንሳፈፋል፤ ፈረሱ ሲነቃ ቢራገጥም የሚመታው ነገር የለም። ባርባሮ በዚህ መንገድ ነቅቶ፣ ሙሉ በሙሉ ሲረጋጋ ወደ ጋጡ ተወሰደ። ከሦስት ዐሥርት ዓመታት በፊት ሩፊያንን የገደላት ችግር እሱን አልነካውም።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መልካም ነበሩ። ፈረሱ በደንብ ይበላ ነበር፣ በአራቱም እግሩ ይቆም ነበር፣ ለሚያዩት ሁሉ ጆሮውን ያቆም ነበር። ከመላው አገሪቱ ካሮት፣ ፖም፣ የመልካም ምኞት ካርድ፣ ጸበል ሳይቀር ይላክለት ጀመር፤ በስሙ ለሆስፒታሉ የተሰበሰበው ገንዘብም በኋላ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር አልፏል። ሐኪሞቹ ግን ከተሰበረው ቀኝ እግር ባልተናነሰ የሚጨነቁት ለግራው ነበር። ጄሶ የለበሰው እግር ስለረዘመ ቁመቱን ለማመጣጠንና መርገጫውን ለመደገፍ በግራው ሰኮና ላይ ልዩ ጫማ አደረጉለት። ለምን እንደዚያ እንደተጠነቀቁ ለመረዳት የሰኮናን ውስጥ ማየት ያስፈልጋል።

የፈረስ ክብደት ሰኮናው ውስጥ መሬት ላይ የተቀመጠ አይደለም፤ የተንጠለጠለ ነው። በሰኮናው ውስጥ ያለው የመጨረሻው አጥንት ከሰኮናው ግድግዳ ጋር የሚያያዘው፣ ከአጥንቱ በኩልና ከግድግዳው በኩል ወጥተው እንደ ሁለት እጅ ጣቶች በተጠላለፉ ከ500 እስከ 600 በሚደርሱ ስስ ንብርብሮች ነው፤ እያንዳንዱ ንብርብር ደግሞ ከመቶ በላይ ጥቃቅን ንብርብሮች አሉት። እነዚህ ሲቆጡና ሲላቀቁ አጥንቱ ግድግዳውን እየለቀቀ ወደ ታች ይሰምጣል ወይም ይዞራል፤ ሲብስም የሰኮናውን ስር ሊበሳ ይችላል። በሽታው ላሚናይቲስ ይባላል። ገብስ ወይም ሌላ እህል ከመጠን በላይ በበላ ፈረስ ላይ፣ ባዝራ ከወለደች በኋላ የእንግዴ ልጅ ሳይወጣላት ሲቀር፣ በሆርሞን መዛባትም ይመጣል። ባርባሮን ያገኘው ግን ሌላው ዓይነት፣ ማለትም አንዱ እግር ሲታመም የሌላውን ሸክም ተቀብሎ የሚቆመው እግር የሚይዘው ዓይነት ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። ፈረስ ሲቆም ከክብደቱ 60 ከመቶ ያህሉ የሚያርፈው በፊት እግሮቹ፣ የቀረው 40 ከመቶ በኋላ እግሮቹ ላይ ነው። 500 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ በእያንዳንዱ የኋላ እግሩ 100 ኪሎ ያህል ይሸከማል ማለት ነው፤ አንዱን ካሳረፈ ሌላው ወደ 200 ኪሎ የሚጠጋ ይሸከማል፣ ያውም ቀንና ሌሊት። ሰው ቢሆን አልጋ ላይ ይተኛል። ፈረስ ግን በቀን ጥቂት ሰዓት ብቻ የሚተኛ፣ ለረጅም ጊዜ ቢጋደም ሳንባው የሚጨነቅ፣ ጎኑ የሚቆስልና ሆድ ዕቃው የሚታወክ እንስሳ ስለሆነ እንዲተኛ ማስገደድ አይቻልም። በዚህ ላይ የክብደቱ መጠን ብቻ ሳይሆን አለመቀያየሩም ይጎዳል፤ ወደ ንብርብሮቹ ደም የሚገባው እግሩ ሲነሣና ሲረግጥ ነውና። ከባርባሮ ሞት በኋላ በአውስትራሊያው ኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲና በራሱ በኒው ቦልተን የተደረጉ ጥናቶች ያተኮሩት በዚሁ ነጥብ ላይ ነበር፤ ክብደቱን ሳያቀያይር በአንድ እግር ላይ ጸንቶ የቆመ ፈረስ የሰኮናው ንብርብር ምግብ እንደሚያጣ አሳይተዋል።

በጁላይ ወር መጀመሪያ ባርባሮ ምቾት ማጣት ጀመረ። የቀኝ እግሩ ጄሶ ተደጋግሞ ተቀየረ፣ ኢንፌክሽን ስለተገኘበት ፕሌቱና ብዙዎቹ ብሎኖች በአዲስ ተተኩ፣ በግራው ሰኮና ስርም ትንሽ መግል ታየ። ጁላይ 13 (ሐምሌ 6 ቀን 1998 ዓ.ም.) ሪቻርድሰን በግራው የኋላ እግር ላይ እጅግ የከፋ ላሚናይቲስ መያዙንና የዚያ ሰኮና ግድግዳ 80 ከመቶው ተቆርጦ መነሣቱን ገለጹ። ስሜታቸውን መቆጣጠር እየተሣናቸው ተስፋው ጠባብ መሆኑን ተናገሩ። ከዚህ በኋላ ፈረሱ በሁለቱም የኋላ እግሮቹ ጄሶ ለብሶ፣ በቀን የተወሰነ ሰዓት በሆዱ ስር በሚያልፍ ሰፊ ማንጠልጠያ ተደግፎ ይውል ጀመር። አንዳንድ ሰዎች በዚህ ጊዜ ቢገደል ይሻል ነበር ይላሉ። ይህን አልቀበልም። ባለቤቶቹና ሐኪሞቹ ገና በሜይ ወር ያስቀመጡት መለኪያ አንድ ነበር፦ ሕመሙን መቆጣጠር እስከተቻለና ፈረሱ እስከበላ፣ እስከተኛ፣ በዙሪያው ላለው ነገር እስከነቃ ድረስ ይቀጥላሉ፤ እነዚህ ሲቀሩ ያቆማሉ። በጁላይ ባርባሮ ይበላ ነበር፣ ይተኛም ነበር። መለኪያው በጎረቤት ሐዘንና በጋዜጣ ጩኸት የሚለወጥ ከሆነ መለኪያ መሆኑ ይቀራል።

ከኦገስት ጀምሮ በየቀኑ ወደ ውጭ እየወጣ ሣር መጋጥ ጀመረ። በኖቬምበር መጀመሪያ የቀኝ እግሩ ጄሶ ተነሥቶ በወፍራም ፋሻና በመደገፊያ ተተካ፤ ከ20 በላይ ስብርባሪ የሆነው አጥንት ገጥሞ ነበር። የግራው ሰኮና ግን እንደ አጥንቱ አልሆነም። የሰኮና ግድግዳ ከላይ ከቆዳው ጠርዝ እየተገፋ በወር አንድ ሴንቲሜትር እንኳ በማይሞላ ፍጥነት ስለሚያድግ፣ ሙሉ ሰኮና ለመተካት ብዙ ወራት ይፈጃል፤ ያደገውም ከአጥንቱ ጋር በትክክል ካልተያያዘ እንደገና ይለቃል። የባርባሮ ሰኮና ከተረከዙ በኩል እያደገ ከፊት በኩል ግን አመርቂ ዕድገት አላሳየም።

ብዙ ሰው በዚያ ወቅት «ለዘር ቢቀመጥስ?» ብሎ ይጠይቅ ነበር፤ የዘር ነገር ከእግሩ ነገር ጋር እንዴት እንደሚገናኝ ግን ብዙም አይነገርም። በሌሎች የፈረስ ዘሮች የድንጉላው ዘር ተሰብስቦ በሰው ሠራሽ መንገድ ባዝራዋን ማስጠቃት ይቻላል። የሶሮብሬድ መዝገብ የሚይዘው ጆኪ ክለብ ግን በተፈጥሮ ጥቂ ያልተወለደን ውርንጭላ አይመዘግብም፤ ይህ ማለት ባርባሮ ለዘር የሚውለው ባዝራ ላይ መውጣት ከቻለ ብቻ ነው። ድንጉላ ሲወጣ ክብደቱን በሙሉ የሚጥለው ደግሞ በሁለቱ የኋላ እግሮቹ ላይ ነው፤ የባርባሮ ሁለት የተጎዱ እግሮችም እነሱ ነበሩ። ስለዚህ ጃክሰኖቹ «ለኛ የሚበቃን ሕመም የሌለው ሕይወት ነው» በሚል መንፈስ መናገራቸው ለሰሚ ጥሩ እንዲሆን የተባለ ነገር አልነበረም፤ የዘሩ ተስፋ ቀድሞውንም ቀጭን ነበር።

በጃንዋሪ 2007 ነገሩ በፍጥነት ተበላሸ። በወሩ ሁለተኛ ሳምንት ከግራው ሰኮና የሞተ ሥጋ እንደገና ተቆርጦ ወጣ። ግራው ሲታመም ፈረሱ ክብደቱን መልሶ ወደ ቀኙ ጣለ፤ ቀኙ አጥንቱ ቢገጥምም ገና አልጠነከረም ነበርና በዚያው ሰኮና ውስጥ መግል ያዘ። ጃንዋሪ 27 የመጨረሻው ሙከራ ተደረገ፦ ከመታጠፊያው በላይ ባለው አጥንት ውስጥ የብረት ዘንጎች ገብተው ከውጭ ካለ የብረት ማዕቀፍ ጋር ተያያዙ፤ ክብደቱ ሰኮናውን ሳይነካ በብረቱ በኩል መሬት እንዲደርስ ማለት ነው። ሥራው ራሱ አደጋ ነበረው፤ ዘንጎቹ የገቡበት ቀዳዳ አጥንቱን ሊያሰብረው ይችላል። ነገር ግን ሁለቱም የኋላ እግሮች ሲያምሙት ፈረሱ ወደ ፊት ተደገፈ፣ ሁለቱ የፊት ሰኮናዎቹም በላሚናይቲስ ተያዙ። ጃንዋሪ 28 ለሊቱን ሳይተኛ፣ ሕመሙም በመድኃኒት ሳይበርድለት አደረ። በሜይ ወር የተቀመጠው መለኪያ ተሟላ፤ ጃንዋሪ 29 ቀን 2007 (ጥር 21 ቀን 1999 ዓ.ም.) ጠዋት እንዲሞት ተደረገ። ያን ጊዜ የሚቆምበት ጤነኛ እግር አንድም አልቀረውም ነበር።

አንዳንዶች የአደጋውን ምክንያት በሁለቱ ውድድሮች መካከል ያለው ሁለት ሳምንት ነው ይላሉ፤ ማትዝ ከደርቢው በፊት አምስት ሳምንት አሳርፈውት ስለነበር ንጽጽሩ ይማርካል። ሌሎች የመነሻውን በር ገፍቶ መውጣቱን ያነሣሉ። የእሽቅድምድም ፈረሶች አጥንት በተደጋጋሚ ሩጫ ጥቃቅን ስንጥቅ እየያዘ እንደሚሄድና ድንገት እንደሚሰበር በብዙ ጥናት የታወቀ ቢሆንም፣ ከአንድ ፈረስ ተነሥቶ የውድድር ቀን መቁጠሪያን መክሰስ አያስኬድም።

በእኛ አገር የጋሪ ፈረስ እግሩ ሲሰበር አብዛኛውን ጊዜ አይታከምም፣ አይገደልምም፤ መንገድ ዳር ይለቀቃል፣ ቀሪውን ረኀብና ጅብ ይጨርሱታል። ይህ ከሁለቱም የከፋ ነው። ባርባሮ ያገኘው ሕክምና ለጋሪ ፈረስ ይደርሳል ብሎ የሚያስብ የለም፤ ከጉዳዩ ግን ዋጋ የማይጠይቅ አንድ ነገር ይወሰዳል። በኮርቻ ወይም በጋሪ ሥራ እግሩ ተጎድቶ ወይም በምስማር ተወግቶ ለቀናት በሦስት እግሩ የሚቆም ፈረስ ያለው ሰው፣ ቁስሉን ካየ በኋላ በየጠዋቱና በየማታው ከጎኑ ያለውን ጤነኛ እግር መፈተሽ አለበት። የሰኮናው ግድግዳ ከሌሎቹ ይልቅ ሲሞቅ፣ ከመታጠፊያው በታች በስተኋላ በኩል በጣት ሲነካ የደም ሥሩ ምት ጎልቶ ሲሰማ፣ ፈረሱ እግሩን ሲያነሡበት እምቢ ሲል ወይም በጠንካራ መሬት ላይ እያመመው ሲረግጥ በሽታው ገብቷል ወይም ሊገባ ነው። አንድ ተጨማሪ ምልክት ብዙ ሰው ያሳስታል፦ ለቀናት ያነከሰ ፈረስ በድንገት ማንከሱን ሲያቆም «ዳነ» ይባላል፤ ሁለተኛው እግር ከመጀመሪያው እኩል ሲያመው ግን ፈረስ የሚያነክስበት ምክንያት አይኖረውም። እንዲህ ያለውን ፈረስ ማሠራት ትቶ፣ እህሉን ቀንሶ፣ ከስሩ ወፍራም ጭድ ወይም አሸዋ አንጥፎ ሳይውል ሳያድር የእንስሳት ሐኪም መጥራት ያስፈልጋል።